የምታነበውን ታስተውለዋለህን? መንፈሳዊ መጻሕፍትን በተሐድሶ ዓይን መመዘን

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በስልኩ አንድ መጽሐፍ ላከልኝ። ከሥሩ አንዲት መስመር ብቻ ጽፏል። «ይሄ መጽሐፍ ጤነኛ ነው?» ይላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በወር ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ሰነፎች አይደሉም። ብዛቱ ግራ ያጋባቸው አንባቢዎች ናቸው። ዛሬ ስልኩን የከፈተ ሰው በአንድ ምሽት ብቻ ዓመት አንብቦ የማይጨርሰው መጽሐፍ፣ የጥናት መምሪያ፣ ስብከትና የጥሞና ጽሑፍ ይደርሰዋል። የሚቸግረው ማግኘቱ ሳይሆን መምረጡ ነው።

ለወዳጄ «አዎ» ወይም «አይ» ብዬ መገላገል እችል ነበር። ግን እንዲያ ብመልስለት የሚቀጥለውንም መጽሐፍ እኔው ልመዝንለት ነው። ስለዚህ ረዘም ያለ መልስ ጻፍኩለት። ይህ ጽሑፍ ያንኑ መልስ ሰፋ አድርጎ የያዘ ነው።

መነሻዬ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበትና «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። ጃንደረባውም «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ መለሰ። «እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው የማነበው፣ የሰው መጽሐፍ አያስፈልገኝም» የሚል ሰው ከዚህ ሰው ትሕትና ቢማር ጥሩ ነው። ጳውሎስም ቢሆን እስር ቤት ሆኖ ሞቱን በሚጠባበቅበት ሰዓት፣ ጢሞቴዎስ መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም ብራናዎቹን፣ ይዞለት እንዲመጣ ለምኗል።

ፊልጶስ ያደረገውን ልብ በሉ። የጀመረው ሰውየው ከሚያነበው ክፍል ነው፤ የራሱን ርዕስ ይዞ አልመጣም። ከዚያው ክፍል ተነሥቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ከዚያ ሄደ። ጃንደረባው ፊልጶስን ዳግመኛ አላየውም፤ ግን ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ጥሩ ረዳት መጽሐፍ ስል በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ይኸው ነው። ከቃሉ ይነሣል፣ ክርስቶስ ጋ ያደርሳል፣ ከዚያ ዞር ይላል። አንባቢውን ከቃሉ ጋር ትቶት ይሄዳል።

«በተሐድሶ ዓይን» ስል ምን ማለቴ ነው? አንዳንድ ሰው ሪፎርምድ የሚለውን ቃል እንደ ማኅተም ነው የሚያየው። መጽሐፉ ላይ ማኅተሙ ካለ ይነበባል፣ ከሌለ ይጣላል። እነ ሉተርና ካልቪን የሚገኙባቸው የ16ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ አራማጆች ሐሳብ ግን ይህ አልነበረም። ጩኸታቸው የእኛው አባባል የሚለው ነበር፤ ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ። ሥሩ ቃሉ ነው። በ1561 የተጻፈው የቤልጂክ የእምነት መግለጫ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በ7ኛው አንቀጹ የሰው ጽሑፍ፣ ጸሐፊው የቱንም ያህል ቅዱስ ቢሆን፣ ከእግዚአብሔር ቃል ጋር እኩል ሊታይ አይገባም ይላል። ይህን ያረቀቀው ጊዶ ደ ብሬ በ1567 ስለ እምነቱ በገመድ ተሰቅሎ ሞቷል። ቃሉን ከሰው ጽሑፍ በላይ ማድረግ ለእሱ የክርክር ነጥብ ብቻ አልነበረም።

ከዚህም የሚያስደንቀኝ በእንግሊዝ የተሰበሰበ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በ1646 ያጠናቀቀው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ነው። ምዕራፍ 31 ላይ ከሐዋርያት ዘመን ወዲህ የተደረጉ ጉባኤያት ሁሉ ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ ብዙዎቹም ተሳስተዋል፣ ስለዚህ ለእምነት ረዳት እንጂ መመዘኛ አይሁኑ ይላል። ይህን ያለው ራሱ ጉባኤ ነው! «እኛንም መዝኑን» እያሉን ነው። እንዲህ ያለ ትሕትና ያለው መግለጫ በእጁ የያዘ አንባቢ ማንንም ጸሐፊ፣ የሚወደውንም ጭምር፣ ሳይመዝን ሊያልፍ አይችልም። ጆን ካልቪንም «ኢንስቲትዩትስ» የተባለውን ዋና ሥራውን በ1536 በስድስት ምዕራፍ ጀምሮ በ1559 ሰማንያ ምዕራፍ እስኪሞላ ሲያሰፋው ኖረ። ግን ለአንባቢው የነገረው ዓላማ አንድ ነው። ተማሪው መጽሐፍ ቅዱስን ሲከፍት እንዳይደናቀፍ ማዘጋጀት። ያ ሁሉ ድካም ሰውን በር ላይ ለማድረስ ነው።

መመዘን ሲባል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። ጠባብነት፣ ሰውን መንቀፍ፣ የመንፈስ ድርቀት ይመስለዋል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን የቤርያ ሰዎችን ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ታውቃላችሁ? «ልበ ሰፊዎች» ይላቸዋል። ይህን ስም ያገኙት የጳውሎስን ስብከት ሰምተው «ነገሩ እንደዚህ ይሆንን?» ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ስለመረመሩ ነው። በሙሉ ፈቃድ ተቀበሉ፤ መረመሩም። ሁለቱ አልተጣሉባቸውም። ሐዋርያን እንዲህ ከመረመሩ፣ ትናንት የታተመ መጽሐፍ የማይመረመርበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። አንድ ጊዜ በአንድ የጥናት ቡድን ውስጥ ኤርምያስ 29፥11 ላይ ደረስን። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለው ነው። የያዝነው መምሪያ የጠየቀን ጥያቄ «ይህ ጥቅስ ዛሬ ለአንተ ምን ይልሃል?» የሚል ነበር። ሁላችንም በየተራ መለስን። አንዱ ስለ ሥራው፣ አንዷ ስለ ትዳሯ፣ እኔም ስለ ራሴ ነገር ተናገርኩ። ሰዓቱ አለቀና ጸልየን ተበተንን። ማታ ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን ከላይ ጀምሬ ሳነበው ደነገጥኩ። ደብዳቤ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን፣ ለምርኮኞች የተላከ። በፊቱ ያለው ምዕራፍ ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» እያለ ሕዝቡን ሲያጽናና ነበር። ኤርምያስ ግን ሐሰት ነው አለው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለከተማይቱ ሰላም ጸልዩ፣ የምትመለሱት 70 ዓመት ሲሞላ ነው አላቸው። ቁጥር 11 የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ያ ጥቅስ የተነገረው «ቶሎ ይሳካልሃል» የሚለውን ስብከት ለማፍረስ ነው። እኛ በዚያ ምሽት የተጠቀምንበት ደግሞ ለዚያው ስብከት ነበር። ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ መመለሱን ሳያዩ በባቢሎን ሞተዋል። የእግዚአብሔር የሰላም አሳብ ግን አልተሻረም፤ ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚረዝም አሳብ ነበርና። ይህ የተስፋ ቃል ለእኛም አለ። የተስፋ ቃል ሁሉ በክርስቶስ አዎን ነው ይላል ጳውሎስ። ወደ እኛ የሚደርሰው ግን በዚያ በኩል ዞሮ ነው፤ ምርኮኞቹን ዘሎ በቀጥታ ኪሳችን ውስጥ አይገባም።

ለዚህ ነው የጥናት መምሪያ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን የማየው። ጸሐፊው ምን እንደሚያምን ከመግቢያው ይልቅ ጥያቄዎቹ ይናገራሉ። ጥያቄዎቹ ሁሉ «ምን ተሰማህ?»፣ «ለአንተ ምን ማለት ነው?» ብቻ ከሆኑ፣ ጥናቱ የሚካሄደው በአንባቢው ላይ እንጂ በቃሉ ላይ አይደለም። ማን ጻፈው? ለማን? ከላይና ከታች ምን አለ? እዚህ እግዚአብሔር ምን አደረገ? የሚሉት መቅደም አለባቸው። ስሜቱና ተግባሩ ከዚያ ይመጣል፤ ሲመጣም ጠንካራ መሠረት ይኖረዋል።

ሌላ ምሳሌ ላንሣ። ዳዊትና ጎልያድ። በብዙ የጥሞና መጻሕፍት ውስጥ አምስቱ ድንጋዮች ስም ይወጣላቸዋል። አንዱ እምነት፣ አንዱ ጸሎት፣ አንዱ ትጋት። እናንተ ዳዊት ናችሁ። ጎልያድ ደግሞ ዕዳችሁ ወይም ፍርሃታችሁ ነው። ወንጭፉ፣ ይወድቃል። 1ኛ ሳሙኤል 17ን ስናነብ ግን ዳዊት አምስት መርጦ የወነጨፈው አንዱን ብቻ ነው። ጸሐፊው ለድንጋዮቹ ምንም ስም አልሰጠም። የነገረን ሰልፉ የማን እንደሆነ ነው፤ ቁጥር 47 ላይ የእግዚአብሔር ነው ይላል። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ መለስ ካላችሁ፣ ይህ እረኛ ሳሙኤል ዘይት ያፈሰሰበት የተቀባ ንጉሥ ነው። መሲሕ ማለትም የተቀባ ማለት ነው።

ታዲያ እኛ የት ነን? ቁጥር 11 ላይ ፈልጉን። ከሳኦል ጋር እየተንቀጠቀጥን ነው። ጎልያድ 40 ቀን ጠዋትና ማታ እየወጣ ሲፎክር ከእኛ አንድም የተነቃነቀ የለም። ከዚያ አንዱ ስለ ሁሉ ወጣ፤ አሸነፈም። ቁጥር 52 ላይ ያው ፈሪ ሕዝብ እየጮኸ ተነሥቶ ፍልስጥኤማውያንን አሳደደ። ድፍረት ያገኙት ከድሉ በኋላ ነው። አንደኛው መጽሐፍ «ጎበዝ ሁን» ብሎ ይሸኛችኋል። ሁለተኛው ንባብ ስለ እናንተ የተዋጋውን ያሳያችኋል፤ ያን ያየ ሰው ደግሞ ሳይነገረው ይጎብዛል። ከዕዳውና ከፍርሃቱ ጋር ሲታገል ቆይቶ ለወደቀ ሰው የትኛው ወንጌል እንደሆነ ግልጽ ነው። «ድንጋዬን በደንብ አልወነጨፍኩም ማለት ነው» እያለ ራሱን ሲወቅስ የኖረ ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሰውን ይጎዳል።

እዚህ ላይ የሃይድልበርግ ካቴኪዝም፣ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀው የተሐድሶ የእምነት ትምህርት፣ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። በ1563 የወጣ ነው፤ 129 ጥያቄዎች አሉት። ሦስት ክፍል ነው፤ ጉስቁልናችን፣ መዳናችን፣ ምስጋናችን። አሥርቱ ትእዛዛት በዝርዝር የሚብራሩት በየትኛው ክፍል ይመስላችኋል? በሦስተኛው ነው፤ በምስጋና ውስጥ። መታዘዝ ለመዳን የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ የዳነ ሰው ምስጋና ነው። ስለ ጸሎት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚጽፍ መጽሐፍ ስታነቡ ይህን ቅደም ተከተል ፈልጉት። «ሰባት ርምጃዎች» ብሎ ከጀመረና ክርስቶስ የሠራው ሥራ እስከ መጨረሻው ካልተነሣ፣ እያንዳንዱ ርምጃ ትክክል ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ በጠቅላላው ግን ሸክም ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ስለ ጸጋ ብዙ ብሎ ስለ መታዘዝ ትንፍሽ የማይል መጽሐፍ ሦስተኛውን ክፍል ቀዶ ጥሎታል።

እንደ እኔ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ማስታወሻው ከቃሉ ጋር በአንድ ገጽ ይታተማል። ዓይን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ድንበሩን ሳያስተውል ይሻገራል። ከዓመታት በኋላ ሰውየው «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አንብቤዋለሁ» ይላል፤ ያነበበው ግን የግርጌ ማስታወሻውን ነው። ይህ የእኛንም ወገን ይመለከታል። በ1560 የታተመው የጄኔቫ መጽሐፍ ቅዱስ ኅዳጉ በተሐድሶ ሰዎች ማብራሪያ የተሞላ ነበር። ዘጸአት 1 ላይ አዋላጆቹ ለፈርዖን አለመታዘዛቸው ትክክል እንደነበር የሚገልጽ ማስታወሻ ነበረው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ይህን ፈጽሞ አልወደደውም። በ1611 በእሱ ትእዛዝ የወጣው ትርጉም እንዲህ ያለ ማብራሪያ አልነበረውም። ንጉሡ በማስታወሻው ይዘት ባይስማማም፣ አንድ ነገር ገብቶት ነበር። ኅዳግ ላይ የሰፈረ አንድ ዓረፍተ ነገር ሕዝብን ያሳምናል።

በ1909 የወጣው የስኮፊልድ ማጣቀሻ መጽሐፍ ቅዱስ ሌላው ምሳሌ ነው። የእግዚአብሔርን አሠራር በሰባት ዘመናት የሚከፍል፣ እስራኤልንና ቤተ ክርስቲያንን ለያይቶ የሚያይ የትርጓሜ ሥርዓት ይዟል። የተሐድሶ ሥነ መለኮት ግን ከዘፍጥረት 3 ጀምሮ እስከ ራእይ አንድ የጸጋ ኪዳን፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ መካከለኛ ነው የሚያየው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በሁለቱም ወገን ጌታን የሚወዱ አሉ። የሚያሳዝነኝ ብዙ አንባቢ ይህ አንዱ የትርጓሜ መንገድ መሆኑን ሳያውቅ እንደ ቃሉ መቀበሉ ነው። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ክፍሉን መጀመሪያ ግርጌውን በወረቀት ሸፍኜ አነባለሁ። የገባኝንና ያልገባኝን እጽፋለሁ። ከዚያ ወረቀቱን አነሣለሁ።

«ጌታ እንዲህ አለኝ» ስለሚሉ መጻሕፍት ብዙ አልልም። ዌስትሚንስተር ምዕራፍ 1 ላይ በቃሉ ላይ በአዲስ መገለጥም ሆነ በሰው ወግ ምንም አይጨመርም ይላል። የማይመረመር፣ ከጸሐፊው በቀር ምስክር የሌለው ቃል የኅሊናችን ጌታ መሆን አይችልም። በተለይ የዮሐንስ ራእይን በቀንና በሰዓት የሚተረጉሙትን ስሰማ፣ ያን ሁሉ ማብራሪያ የጻፈው ካልቪን በዚያ መጽሐፍ ላይ ማብራሪያ እንዳልጻፈ አስታውሳለሁ።

ይህን ሁሉ ስል ግን ከእኛ ጋር የማይስማማን ጸሐፊ ሁሉ ዝጉት ማለቴ አይደለም። ካልቪን ራሱ የእግዚአብሔር መንፈስ የእውነት ሁሉ ምንጭ ስለሆነ እውነትን የትም ብናገኛት መናቅ የለብንም ብሏል፤ ያለውም ስለ አረማውያን ጸሐፊዎች ሲጽፍ ነው። ስለ ጥምቀት ከእኛ የሚለይ ጸሐፊ ስለ ጸሎት ብዙ ሊያስተምረን ይችላል። ከመጽሐፍ የምንስማማበትን ወስደን፣ የማንስማማበትን ለይተን ማስቀመጥ እንችላለን። ግን ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። የጥምቀት ጊዜ ላይ መለያየት አንድ ነገር ነው፤ ክርስቶስ ማን እንደሆነና ሰው እንዴት እንደሚጸድቅ ማዛባት ሌላ ነገር ነው። የብልጽግና ወንጌል የሚባለው ሁለተኛው ጎራ ውስጥ ነው። መስቀሉን ወደ ሀብት መንገድ ስለሚለውጠው፣ «ጥሩ ጥሩውን እወስዳለሁ» የሚባልበት አይደለም።

በእኛ ቤትስ? እዚህ ላይ ልባችንን መመርመር አለብን። ሉተር በ1522 በጻፈው መቅድም የያዕቆብን መልእክት የገለባ መልእክት ብሎታል። ታላቁ ሉተር! እሱ እንዲህ ከተሳሳተ፣ ትምህርቱ ትክክል ስለሆነ ብቻ የማይነካ መጽሐፍ የለም። ስለ እግዚአብሔር ምርጫ፣ ስለ ጸጋ ኃይል አንድም ስህተት የሌለባቸው፣ ግን ጨርሶ ስታስቀምጧቸው ሰውን ለመናቅ የተዘጋጃችሁ የሚያደርጓችሁ መጻሕፍት አሉ። እኔም ከእነዚያ በአንዱ ብዙ ወራት ቆይቻለሁ። ክርክር ተማርኩ፤ ጸሎቴ ግን ቀዘቀዘ። ጸጋን እያስተማረ ትዕቢተኛ የሚያደርግ መጽሐፍ የሆነ ቦታ ላይ ታሟል።

በቅርቡ የመጣብን አዲስ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ሰው ማብራሪያ መክፈት ትቶ ጥያቄውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሚያቀርበው። መልሱ ፈጣን ነው፤ አማርኛውም እየተሻሻለ ነው። ግን እነዚህ ፕሮግራሞች ያልተባለ ጥቅስ ፈጥረው በታወቀ ሰው ስም ሊሰጡ ይችላሉ። የምዕራፍና የቁጥር ስህተትም ይሠራሉ። ከዚህ የሚከብደው፣ የተለያዩ ወገኖችን ትምህርት አዋሕደው አንዱን ከአንዱ ሳይለዩ በአንድ ለስላሳ ድምፅ ሊያቀርቡ መቻላቸው ነው። መጽሐፍ ቢያንስ ጸሐፊ አለው። ጸሐፊው ቤተ ክርስቲያን አለው፣ የሚጠይቁት ሽማግሌዎች አሉት፣ ወይም የሉትም፤ ያንን ማጣራት ይቻላል። ማሽን ግን ማንም ዘንድ ቀርቦ መልስ አይሰጥም። ጥቅስ ለመፈለግ፣ የቃል ትርጉም ለመጀመር ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ነፍሳችሁን ለመምራት ግን አይሆንም።

ማን እንደጻፈው ማጣራት ከታወቁ ሥራዎችም ጋር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ብዙ ሰባኪ የማቴዎስ ሄንሪን ማብራሪያ ይጠቅሳል። ሄንሪ ግን በ1714 ሲሞት የደረሰው ሐዋርያት ሥራ ላይ ነው። ከሮሜ እስከ ራእይ ያለውን የጨረሱት ሌሎች አገልጋዮች ናቸው። «ሄንሪ በሮሜ 8 ላይ እንዲህ ይላል» ስንል የሌላ ሰው ድካም እየጠቀስን ነው።

ለወዳጄ የሰጠሁት ሥራ ይህ ነበር። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አታንብበው አልኩት። ማውጫውን እይ። ኃጢአት፣ መስቀል፣ ትንሣኤ፣ ንስሐ የሚሉት የት እንዳሉ ፈልግ። ከዚያ አንድ ምዕራፍ ምረጥና የተጠቀሱትን ጥቅሶች ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስህን ገልጠህ፣ ከላይና ከታች አሥር አሥር ቁጥር ጨምረህ አንብብ። መጽሐፉ ያለውን ቃሉም ይላል? ካላለ ምልክት አድርግበት። መጨረሻ ላይ ከቤተ ክርስቲያንህ ሽማግሌዎች አንዱን ይዘህ ያየኸውን አሳየው፤ ብቻህን አትወስን።

ከአራት ቀን በኋላ መልስ ላከልኝ። «ምዕራፍ 3 ላይ ከጠቀሳቸው ስድስት ጥቅሶች ሁለቱ እሱ ያለውን አይሉም። ምዕራፍ 5 ግን ጥሩ ነው፣ ስለ ንስሐ የጻፈው አስለቀሰኝ። አሁን መጽሐፉን አስቀምጬ መዝሙር 51 ላይ ነኝ። ስጨርስ እደውልልሃለሁ።»